የጋላክሲው ጥያቄና ያ ኤክስ

ውድ ወንድሜ ሙእሚን፣

አሰላሙ አለይኩም። ሰላምታዬ ከመካነ ሰላም ብርድ ተነስቶ፣ ባሕሩን ተሻግሮ፣ ሪያድ አንተ ዘንድ በደህና ይድረስ። ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህስ ተሻለህ ወይስ አሁንም ጡብ ያሸክሙሃል? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ስንዴው እሸት ላይ ነው፤ ውርጭ ካልመታው ዘንድሮ ጥሩ ነው። የእማዬን ጉልበት ብቻ ብርዱ ያስቸግራታል።

ስልኬን ስለማታነሳ ነው በወረቀት የመጣሁት። ጎረቤታችን ጠሃ ወደ ሥራው ሲመለስ ያደርስልሃል። ለእማዬ ስትደውል ለሁሉም ሰላምታ ትልክና የእኔን ስም ትዘላለህ። ይኸው ስድስት ዓመት ሆነ። እኔም አኩራፊ ነኝና አልፈርድብህም።

የሳይንስ ክበቡን ውድድር መቼም አትረሳውም። እህትህም አስተማሪህም ነበርኩ። አጽናፈ ዓለም ከተጀመረ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ሦስት መቶ ሚሊዮን ዓመታት ትልልቅ ደማቅ ጋላክሲዎች ሊኖሩ ይችላሉ ወይ ብዬ ጠየቅሁ። አንተ፣ ያን ያህል ርቆ ያየ ሰው ሳይኖር እንዴት የለም ይባላል ብለህ ጻፍክ። እኔ የፈለግሁት መልስ አይችሉም የሚል ነበርና ኤክስ አደረግሁብህ፤ በተማሪው ሁሉ ፊትም ጮክ ብዬ አነበብኩት። ሳቁብህ፤ እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ክበቡን ተውክ፣ ቀጥሎ ትምህርቱን፣ ቀጥሎ አገሩን።

አሁን ጉዴን ስማ። ብርሃን ከሩቅ እስኪደርስ ዘመን ስለሚፈጅበት ሩቁን ማየት ድሮውን ማየት ነው። አዲሱ ትልቅ ቴሌስኮፕ ያንን ዘመን ሲያይ፣ ይኖራሉ ተብሎ ያልታሰቡ ደማቅ ጋላክሲዎች አገኘ። እኔ ሳስተምር የኖርኩት ትንንሾቹ እየተቀላቀሉ፣ ጋዝ እየሳቡ፣ ቀስ በቀስ ያድጋሉ ብዬ ነው። ይህ ግን ገና የሚጠባ ጥጃ ቀንበር ተሸክሞ ሲያርስ እንደማየት ነው።

ተሳስቻለሁ ብዬ እንዳልገላገል ተመራማሪዎቹም አልተስማሙም። አንዱ ከዋክብቱ በአንድ ጊዜ በብዛት ተወልደው ነው ይላል፤ ሌላው መሐላቸው ያለው ጥቁር ጉድጓድ ነው ያደመቃቸው ይላል፤ ሦስተኛው ክብደታቸውን አጋንነን ገምተን ይሆናል ይላል። እየተቀላቀሉ ማደጋቸው ቀረ እንዳልል አልቀረም። ወሏሂ ዞረብኝ። ባለፈው ሳምንት ጠመኔ ይዤ ሰሌዳው ፊት ቆሜ፣ አንድ ቃል ሳልጽፍ ደወሉ ተደወለ።

ጭንቀቴን ለአባባ ነገርኳቸው። ያስተማሩትን ደረሳ አሳስተውት እንደሆነ ካወቁ ሳያርሙ እንቅልፍ እንደማይወስዳቸው ታውቃለህ። ለአንድ የኪታብ ትርጉም ሲሉ ወግዲ ድረስ በእግራቸው ሄደው፣ ደረሳው የልጆች አባት ሆኖ አልነበር ያገኙት? ያሳሳተ ነው የሚሄደው አሉኝ። እርስዎ ትክክሉን ይዘው ነው የሚሄዱት፣ እኔ ምን ይዤ ልሂድ አልኳቸው። አለማወቅሽን ይዘሽ ሂጂ፤ ልጁ ያኔ ያለው ይኸንኑ አይደል አሉኝ።

ወረቀትህን አስቀምጬው ነበር። ኤክሱን ሰርዤ እዚህ ውስጥ አጥፌ ልኬዋለሁ። ጥያቄው ገና ስላልተፈታ ራይት አላደረግሁበትም። ሳቄን ግን የምሰርዝበት እስክሪብቶ አጣሁ። አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ፣ ወንድሜ።

አባባ ዱዓ ያደርጉልሃል። እማዬ ወገብህን በጨርቅ እሰር ብላሃለች። ታናሻችን ራሕማ ክበቡን ተቀላቅላለች፤ እንዳንተው ክርክር ትወዳለች፤ ሰላም ትልሃለች። ሰላምታ ስትመልስ እንዳይዘለል ደግሞ የእኔን ስም አጉልቼ ጽፌዋለሁ።

እህትህ ሩፋይዳ

መካነ ሰላም፣ ጥቅምት 18 ቀን 2018 ዓ.ም.