ጨው የበዛበት ሽሮ

ልጄ ቤርሳቤ፣ ሰላምታዬ እንደ ባሮ ሞልቶ ይድረስሽ፤ ፈጣሪ በካርቱም ሰው ፊት ሞገስ ይስጥሽ። አባትሽ ማንጎውን ከዝንጀሮ ሲጠብቅ ይውላል።

እኔን በሁዳዴ መግቢያ ወባ ጣለኝ። ቄሱ ጾምሽን ፍቺ ቢሉኝ እምቢ አልኩ። ባለሱቋ ጎረቤታችን ነሲባ፣ በዚያ ሙቀት ረመዳኗን እየጾመች፣ ቅቤ ባልነካው አዲስ ድስት ሽሮ ሠራችልኝ። ጾመኛ ናትና ሳትቀምሰው ጨው አብዝታበታለች። አንዲት ጉርሻ ሳላስቀር በላሁት።

ልጄ እስላም ቤት ተቀጥራ ሃይማኖቷን ትተዋለች እያልኩ ስንት ጊዜ አለቀስኩ! አሁንም እሰጋለሁ፤ ማዕተብሽን እንዳትበጥሺ። ግን ነሲባ እኔው ቤት ስታፈጥር በዱዓዋ ስምሽን ጠራች፤ እኔም ከአልጋዬ ሆኜ አሜን አልኩ።

አምላክ በሰላም ያገናኘን። እባክሽ ልጄ፣ አሠሪሽ ስትጾም የማፍጠሪያ ውኃዋን አንቺ አቅርቢላት።

እናትሽ እታገኝ