ማትሪክ፣ ቅቤና ጓድ ድንገት

ማክሰኞ፣ ግንቦት 9። ማታ

ኬሚስትሪ አሁንም በአንዱ ጆሮ ገብቶ በሌላው ይወጣል። ነገ ማትሪክ ይጀመራል።

ስሚኝ ማስታወሻዬ፣ ዛሬም ሁለቴ መጣብኝ። አንዴ ውሃ ስቀዳ። አንዴ ያለ ምንም ምክንያት፣ ሽንኩርት እየላጥኩ። ልብ ድው ድው፣ እጅ በረዶ፣ ትንፋሽ አጠር። አሁን ሞትኩ እላለሁ። አልሞትም። ሽንኩርቴን እቀጥላለሁ።

ስም ካወጣሁለት ወዲህ ግን ትንሽ ቀሎኛል፦ ጓድ ድንገት። እንደ ቀበሌያችን ሊቀ መንበር ሳያንኳኳ ይገባል፣ ስብሰባ ይጠራል፣ ጥያቄ አይቀበልም። (ይህን ገጽ አባ እንዳያይ። ማንም እንዳያይ!)

ጤና ጣቢያ ያለው ድሬሰር ልቤን አዳምጦ፣ ልብሽ ደህና ነው፣ ጭንቀት ነው ብሎ ቫይታሚን ሰጠኝ። አባ ይጸልይልኛል፤ ጸሎት ቤታችን ከታሸገ ወዲህ በሹክሹክታ ነው። እማ በክኒኑም በጸሎቱም ላይ የራሷን ትጨምራለች፦ ቅቤ። ዳምቦያ፣ እናቷ ቤት፣ ለድንጋጤም ለሐዘንም መድኃኒቱ አናት ላይ የሚደረግ ለጋ ቅቤ ነው። ደግሞ ቅቤ ነጋዴ ናት፣ መድኃኒት አያልቅባትም። ነገ ጠዋት ልትቀባኝ ነው። እምቢ ለማለት ሞከርኩ። እማን እምቢ ብሎ የተሳካለት የለም።

ረቡዕ፣ ግንቦት 10። ከቀኑ 10 ሰዓት

ከየት ልጀምር!

እማ ጠዋት ጭብጥ የሚሞላ ቅቤ አናቴ ላይ ደፍድፋ በሻሽ ጠፈነገችው። “አሁን ልብሽ ቦታው ይቀመጣል፣ ማርታዬ” አለችኝ። ወጣሁ።

አዳራሹ ቆርቆሮ ነው። ፀሐዩ ደግሞ የግንቦት። ሒሳብ። ጥቂት እንደሠራሁ ጓድ ድንገት ከተፍ አለ። እርሳሱ ከእጄ አመለጠ። በሩን አየሁ። ወጥቼ ልሩጥ፣ ማትሪኩም ይቅር። ልነሳ ስል አንድ ነገር ግንባሬ ላይ ተንሸራተተ። ወደ አፍንጫዬ ወረደ። ከዚያ ጠብ፣ መልስ መስጫ ወረቀቱ ላይ።

ያ ወረቀት በማሽን ነው የሚታረመው! እንዳይታጠፍ፣ እንዳይቆሽሽ እያሉ ሲያስፈራሩን ነው የከረሙት። በእጅጌዬ ጠረግኩት። ባሰ። አንገቴን ወደ ኋላ ባደርግ በማጅራቴ ወረደ። ከኋላ ያሉት ሳቁብኝ። ፈታኙ መጡ። ከአ.አ. የተላኩ፣ ከረባት ያሰሩ፣ ፊታቸው የማይፈታ ሰውዬ። በቃ፣ ሊያስወጡኝ ነው።

ጎንበስ አሉ። አሸተቱ።

“ማን ቀባሽ?”

እናቴ፣ አልኳቸው።

“ለጋ ነው” አሉና ቀና አሉ። መሐረባቸውን ሰጡኝ። ሌላ ወረቀት አምጥተው የሠራሁትን ተረጋግቼ እንድገለብጥ ነገሩኝ። እስክጨርስ አጠገቤ ቆሙ፤ የሚስቀውም አፉን ያዘ። ስገለብጥ ነው ልብ ያልኩት፤ ጓድ ድንገት የለም። መቼ እንደወጣ አላየሁም። ቅቤ ስጠርግ ረስቼዋለሁ።

እማ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ቅቤው ረዳሽ ወይ? በጣም፣ አልኳት። ውሸት አይደለም።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 13

ማትሪክ አለቀ!! እንቅልፍ፣ እንቅልፍ፣ እንቅልፍ።

ኋላ ጽጌ መጣች። ዳኛው አባቷ ከጎጃም ተዛውረው ከመጡ ጀምሮ ዴስክ የምጋራት ጓደኛዬ። ውጤት ሳይመጣ የዩኒቨርሲቲ ምርጫ ሐሙስ ት/ቤት ሄደን እንሞላለን። እሷ አ.አ. ብላ ወስናለች፤ አንድ ዶርም እንድንጠይቅ ትፈልጋለች። አልጋ ሁሉ አከፋፍላናለች፤ የላዩ የሷ፣ የታቹ የኔ። ስቄ ወሬ ቀየርኩ። ሕመሜን አታውቅም። ከክፍል በወጣሁ ቁጥር ሆዴን ነው ስላት ኖሬአለሁ። ምስኪን፣ ስንቴ ጤናዳም አምጥታልኛለች።

እውነቱ ግን፦ አ.አ. እፈራለሁ። እዚያ ቢመጣብኝ ማን ያውቀኛል? ማን እጄን ይይዛል?

ሰኞ፣ ግንቦት 15

ጉድ። እማ ሥራ አግኝታልኛለች። አውራጃ ጽ/ቤት፣ ታይፒስት። ቅቤ የምትሸጥላቸው የአንድ ኃላፊ ባለቤት ቃል ገብተውላታል። ምሳዬን ቤቴ እበላለሁ፣ ማታ አልጋዬ ላይ አድራለሁ። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ወዲያው ደግሞ እንዴት እንደከፋኝ!

አባ ዩኒቨርሲቲ እንድገባ ነው የሚፈልገው፤ ግን አልጮኸም። አስተማሪ ነው፣ ክፍል ውስጥም አይጮኽም። እማን በሐዲይኛ አንድ ነገር አላት፣ እሷ በከምባትኛ መለሰችለት። ሲኳረፉ እንዲህ ናቸው፤ አማርኛ ለእርቅ ነው። እራት ላይ አማርኛ አልተሰማም።

ረቡዕ፣ ግንቦት 17። ማታ 1 ሰዓት

ከእማ ጋር ሞርሲቶ ገበያ ዋልኩ። ስንመለስ በተሳፈርንበት ላንድሮቨር ውስጥ እንደ ጎመን ታጭቀን፣ መጣብኝ። የእማን እጅ ያዝኩ። እጇ እንደኔው በረዶ። አየኋት። ላብ በላብ ሆናለች።

ወርደን በእግር ቀጠልን። ቆይታ ነገረችኝ። በሙሽርነቷ ከዳምቦያ ስትመጣ ሐዲይኛ አታውቅም። ልቧ እንዲህ ይሆን ጀመር። ክረምቱን በሙሉ ከግቢ አልወጣችም። አንድ ቀን ጨው አለቀ፣ ቤት ውስጥም ሰው አልነበረም። ሄደች። መንገድ ላይ ሞትኩ ብላ ተቀመጠች። ተነሳች። ጨው ገዝታ ተመለሰች።

ታዲያ በምን ለቀቀሽ፣ አልኳት።

“መች ለቀቀኝ?” አለች። “ይዤው ነው ገበያ የምውለው።”

እኔ ደግሞ እማ ምንም የማትፈራ ይመስለኝ ነበር!! ለምን እስከ ዛሬ ሳትነግሪኝ፣ ብዬ ተቆጣኋት። እንዳትፈሪ ብዬ፣ አለችኝ። ሁለታችንም አለቀስን፣ ከዚያ አላፊ አግዳሚው ሲያየን ሳቅን። የጽ/ቤቱን ሥራ የፈለገችው ለኔ ብቻ እንዳልሆነም ነገረችኝ። ስትሄጂ የኔን እጅ ማን ይይዛል ብዬ ነው፣ አለች። አንጀቴን በላችው።

ቤት ስንደርስ አባን በአማርኛ ጠራችው። ነገ ትሙላ፣ አለችው። የት እንደምሞላ ግን አልነገረችኝም። እሱን ለኔ ተወችው።

ሐሙስ፣ ግንቦት 18። ከጠዋቱ 5 ሰዓት፣ ት/ቤት፣ ዛፍ ሥር

ሞልቼ ወጣሁ። እንደሆነው ልጻፍልሽ።

ተራዬ ደረሰ። እስክሪብቶ ያዝኩ። እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ወረቀቱም አብሮት። ጽጌ አየችኝ። ሆድሽን ነው? አለች። አዎ ልል ነበር። አይደለም፣ ልቤን ነው፣ አልኳት። ጭንቀት ነው፣ ይመጣብኛል፣ አ.አ.ም ይመጣብኛል፣ አንድ ዶርም ከገባን ታይዋለሽ።

ጽጌ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ሲመጣብሽ ምን ላድርግልሽ? አለችኝ። ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። አሰብኩ። ምንም፣ አጠገቤ ሁኚ፣ አልኳት።

ወረቀቱን በሁለት እጇ ጠረጴዛው ላይ ያዘችልኝ። አንደኛ ምርጫ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ። ፊደሉ ተንጋዷል። ይነበባል።