የዶና ሉሲያ ባሕር

ሐሙስ፣ የካቲት 30

ቀኑን ሙሉ ዝናብ። ኦስዶርፕ ሰፈር፣ ከአንዱ ፈረንጅ ሽማግሌ ቤት ወደ ሌላው... ማጠብ፣ ማልበስ፣ ማብላት። ባለቤቴ ዘገየ ከዛንዳም የመጋዘን ሥራው ደክሞት ገባና ሶፋው ላይ ጋደም አለ።

ልጃችን ኤልሳቤጥ ስለ ተወለደችበት ቦታ ትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ ልታወራ ነው። ኬሊማኔ ምን ትመስላለች አለችኝ። ምን ልበላት? ሞዛምቢክ፣ ባሕር ዳር። ወደ ደቡብ አፍሪካ ስናልፍ አባትሽን ወባ ጣለውና ለወር ብለን አረፍን፣ ዓመታት ቆየን። ዓሣ እያደረቁ የሚሸጡ ዶና ሉሲያ የሚባሉ ሴት ቤት። አንቺንም ያዋለዱኝ እሳቸው ናቸው አልኳት።

ዘገየ ዓይኑን ሳይገልጥ፣ የባከነ ዕድሜ ነው፣ ምኑ ይወራል አለ።

ለእሱ ይሆናል። ለእኔ ግን...

እሑድ፣ መጋቢት 3

ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ትራም ውስጥ ስልኬን ከፈትኩ። ትናንት አውሎ ነፋስ ኬሊማኔን መታት። ፍሬዲ ይሉታል። ባለፈው ወር ደቡቡን መትቶ ሄዷል ተብሎ ነበር። ባሕሩ ላይ ዞሮ ተመለሰ።

የዶና ሉሲያ ስልክ አይሠራም። አብሮን የተሰደደው አዘዘ እዚያው ሱቅ ከፍቶ ቀርቷል፣ የእሱም ዝግ ነው። ያ ቤት እኮ ጭቃ ነው፣ ጣሪያው የኮኮናት ቅጠል...

ኤልሳቤጥ፣ ሞታ ይሆን አለችኝ። "ሞተው" በይ ልላት ነበር። አፌ እምቢ አለኝ።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 5

ዛሬም ዝም። የማስታምማቸውን የወይዘሮ ያንሰንን ፀጉር ሳበጥር ምን ሆነሻል አሉኝ። ነገርኳቸው። እሳቸው ያደጉት እዚሁ አገር ባሕር ዳር፣ ዜላንድ ነው፤ በልጅነታቸው ባሕሩ ግድቡን ጥሶ ገብቶ ጣሪያ ላይ ወጥተው ነው የተረፉት። ስንት ሰው ሞተ ብለው አልጠየቁኝም።

"የገባው ውሃ ጨው ነው?"

አዎ አልኳቸው። ጨው የጠጣ መሬት ቶሎ አይድንም አሉና እጄን ይዘው ቆዩ።

ረቡዕ፣ መጋቢት 6

ምን ምኑን አስታወሰኝ... ውሃው ሲሸሽ ዶና ሉሲያ ጭቃው ውስጥ ሸርጣን መልቀም ያስተማሩኝ። እናቴ ብታየኝ ዕቃ ትለይብኝ ነበር። መጀመሪያ ለቅሜ እሰጣቸው ነበር፣ በኋላ... በላሁት። ጣፋጭ ነው ደግሞ! የታጠበ ልብሳችን ሁሉ ዓሣ ዓሣ ይሸት ነበር። ታናሽ እህታቸው ቴሬዛ ኤልሳቤጥን አዝላ ጀልባዎቹ መሀል እየዞረች ስታንጎራጉር...

ያን ጊዜ ደስተኛ እንደ ነበርኩ አላውቅም ነበር።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 9

አዘዘ ደወለ! ዶና ሉሲያ በሕይወት አሉ። ከጎረቤት ጋር ትምህርት ቤት ተጠግተው ነው የተረፉት፤ የትምህርት ቤቱም ጣሪያ ግማሹ ሄዷል። ሰፈሩ የለም። ቤቱም የለም።

ቴሬዛ መረብ ላንሳ ብላ ወጥታ አልተመለሰችም።

ለዘገየ ስነግረው ቆሞ ነበር። ተቀመጠ። 

"ወባው ሊገድለኝ ሲል በጀርባዋ ተሸክማ ሐኪም ቤት ያደረሰችኝ እሷ ናት" አለ።

አላውቅም ነበር። እኔ ያን ጊዜ ከተማ ሥራ ላይ ነበርኩ። ለምን አልነገርከኝም አልኩት። በሴት ጀርባ በመታዘሉ አፍሮ ነው። ከዚያ አለቀሰ። ስንጋባም፣ ስንሰደድም ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 14

ዛሬ የዶና ሉሲያን ድምፅ ሰማሁ። አዘዘ ስልኩን ሰጣቸው። ከባሕሩ ራቅ ያለ ሜዳ ላይ ድንኳን ተሰጥቷቸዋል። የድሮው ቦታ ላይ ቤት መሥራት ተከልክሏል። አዲሱ ቦታ እንዴት ነው አልኳቸው።

"ደህና ነው፣ ደረቅ ነው። ግን ባሕሩ አይሰማም ልጄ። እንቅልፍ እምቢ አለኝ።"

ቴሬዛን የወሰደውን ባሕር ነው የሚሉት? አልኳቸው፣ ሳላስበው።

"እሱን ነው። ከሕፃንነቴ ጀምሮ ያስተኛኝም እሱ ነው።"

ሁልጊዜ ለከርሞ ኤልሳቤጥን ወስጄ አሳያታለሁ እያልኩ... አሁን ምኑን አሳያታለሁ?

እሑድ፣ ግንቦት 6

ዘገየ ነው ተነሱ ያለን። ዴን ሃግ፣ ስኼቬኒንገን ባሕር ዳር። ስንት ዓመት እዚህ ኖረን አንድም ቀን ሄደን አናውቅም። ብርድ ነበር፣ ነፋሱ አሸዋ ይረጫል።

ሱሪውን ሰብስቦ ውሃው ውስጥ ገባና አዘዘ ጋ ደወለ። አዘዘ ድንኳኑ ድረስ ሄዶ እየጠበቀው ነበር። ለካ ሁለቱ ተነጋግረው ኖሯል! በዚያ ሊረሳው በደረሰ ፖርቹጋልኛ፣ ዶና ሉሲያ ያዳምጡ አላቸው። ስልኩን ወደ ማዕበሉ ዘረጋ።

 መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር።

"ይሄ ሌላ ባሕር ነው" አሉ በመጨረሻ። "ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል... ግን አትዝጋው።"

ኤልሳቤጥ ጫማዋን አውልቃ አጠገቡ ቆመች። ቴሬዛ እንዴት ነበር የምታዝለኝ አለችው። በአንድ እጁ ስልኩን እንደ ያዘ፣ በሌላው እያሳየ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይነግራት ጀመር። ጨርቁ የት ጋ እንደሚቋጠር፣ ምን ብላ እንደምታንጎራጉር... ሁሉንም ያስታውሳል።

ቆይቶ የአዘዘ ድምፅ በሹክሹክታ መጣ።

"ተኝተዋል። ዝጋው በቃ።"

ዘገየ አልዘጋውም።