ከባሕር ዛፉ ጀርባ ያለው ኮከብ

ፍኖተ ሰላም
ጥር ፲፱ ቀን ፳፻፭ ዓ.ም.

ለባለቤቴ ለወንዳወቅ፤ ጅግጅጋ

ውድ ወንዳወቅ፣ የጅግጅጋ አቧራ እንዴት ይዞሃል? ያ ሳልህ ተሻለህ ወይ? እኔ ደህና ነኝ። ላሟ ወልዳለች፤ ጥጃዋ እንዳንተው ግንባሯ ሰፊ ነው። ስልኬን ስለማታነሳ ይህን በፖስታ ልኬዋለሁ። ደብዳቤ ጆሮ ላይ አይዘጋምና እስከ መጨረሻው ታነበዋለህ ብዬ አምናለሁ። ብትቆጣም እያነበብክ ተቆጣ።

ዋናውን ነገር አስቀድሜ ልንገርህ። ቴሌስኮፕህ ተስተካክሏል። አንተው ግቢያችን ውስጥ ባፈሰስከው ሲሚንቶ ላይ ቆሞ ኮከብ ይይዛል፤ ከያዘም አይለቅም። የእማማ አስካለ ማርያም ባሕር ዛፍ ደግሞ አንዱም ሳይቆረጥ በቦታው አለ። ሁለቱ አብረው ሊሆኑ አይችሉም ብለህ ነበር ጥለኸን የሄድከው።

ረስተኸው እንደሆነ ከመነሻው ላስታውስህ። ጓደኛህ ባምላኩ ከሆላንድ ሲመለስ ያመጣልህ ቴሌስኮፕ ኮከብን እየተከተለ እንዲዞር ዘንጉ ወደ ሰማይ ዋልታ፣ ማለትም ወደ ሰሜን ኮከብ መጠቆም አለበት። በፈረንጅ አገር ያ ኮከብ ከፍ ብሎ ይታያል። በእኛ ሰማይ ግን ክንድህን ዘርግተህ ጡጫህን አድማስ ላይ ብታሳርፍ ጡጫህ ጫፍ ላይ ነው። እዚያው ላይ ደግሞ የጎረቤታችን ባሕር ዛፍ ቆሟል። ባምላኩ የሰጠህን፣ ዘንጉን ያለዚያ ኮከብ የሚያስተካክል የላፕቶፕ ሶፍትዌር ሞከርከው፤ እንቢ አለህ። ስለዚህ ኮከቡን በዓይኔ ካላየሁ አይሆንም፣ ዛፉ ይቆረጥ አልክ። እማማ አስካለ ማርያም ባላቸው በሞቱ ዓመት የተከሉት፣ ሲያረጁ ማንንም ላለማስቸገር ለገዛ ተዝካራቸው ያቆዩት ዛፍ መሆኑን እያወቅክ። ሽማግሌዎቹ «ዛፉ ይቁም» ብለው ሲፈርዱ ከመሃላቸው ብድግ ብለህ፣ «እነዚህ ዛፎች ቆመው እያሉ በዚህ በር ብገባ እግሬ ይሰበር» ብለህ ማልክ። ብዙም ሳትቆይ ዝውውር ጠየቅክ።

የዚያን ቀን አፍሬብህ ነበር። አሁን ደግሞ ትናፍቀኛለህ። ሁለቱም እውነት ነው።

ኅዳር አጋማሽ ላይ እማማ አስካለ ማርያም መጡ። ግቡ ብላቸው እንቢ ብለው በር ላይ ቆሙ።

«ልጄ፣ ዛፉን ሸጥሁት» አሉኝ።

«ምነው እማማ? ምን ቸገረዎ?»

«ጥምቀት እንዳለፈ መጋዝ ይመጣል። ባልሽን ጥሪው። ትዳር የበተነ ዛፍ ለተዝካሬ አይሆነኝም፤ ቄሶቹስ በምን አንጀታቸው ይበሉልኛል?»

«እርስዎ እኮ ያጠፉት ነገር የለም።»

«አላጠፋሁም። ብቻ ማታ ማታ በአጥሩ ቀዳዳ አይሻለሁ። ብቻሽን ትበያለሽ።»

ይህን ብለው ሄዱ። እኔም እዚያው በር ላይ ቁርጤን አደረግኩ። ለአንተ ኩራት ተብሎ የእሳቸው ዛፍ አይወድቅም። ቴሌስኮፑ ዛፉ ሳይነካ እንደሚስተካከል በዓይናቸው ካዩ ሽያጩን ይተዋሉ፤ አንተም ሰበብ ታጣለህ። ጥምቀት እስኪደርስ ያለው ጊዜ በቂ ነው ብዬ ነበር። ሞኝ ነበርኩ።

ከትንሿ ክፍል አወጣሁት። አይጥ መሸፈኛውን በልታዋለች፤ መስታወቱን እግዜር አትርፎታል። ማቆሚያው ለፈረንጅ ሰማይ የተሠራ ስለሆነ ዘንጉ በእኛ ልክ ዝቅ አልልም አለ። በደቡብ በኩል ያለውን እግሩን በተሰበረው መጅ ላይ አሳረፍኩትና ወደ ሰሜን አጎነበሰልኝ። የእህል መፍጫ ድንጋይ ለዚህም ይሆናል።

ሶፍትዌሩ ሰሜን ኮከብን ካላየሁ አይልም። ሌሎች ሁለት ኮከቦች ይበቁታል። አንዱን መሃል ታስገባለታለህ፤ ከዚያ ወደ ሁለተኛው ራሱ ይዞራል። ሁለተኛው ከመሃል ምን ያህል እንደራቀ ስታሳየው ዘንጉ ወዴትና ምን ያህል እንደተጣመመ ያሰላል። እኔ የሒሳብ አስተማሪ ነኝ፤ ማዕዘን አያስፈራኝም።

ግን ገና ሲጀምር አበደብኝ። ሪጌል የምትባለው ኮከብ በምሥራቅ በኩል ቦግ ብላ እያየኋት፣ «ሪጌል» ብዬ ሳዝዘው ቴሌስኮፑ አንገቱን ደፍቶ የጎመን መደቤን ማየት ጀመረ። ደግሜ አዘዝኩት፤ ያው ጎመኑን። አንተም ያን ጊዜ «ይኸ ነገር የማይረባ ነው» ብለህ የተውከው እዚህ ላይ ነበር። እኔን ግን እልህ ያዘኝ። ገመዱን ቀየርኩ። ኢንተርኔት ቤት ሄጄ ሶፍትዌሩን በፍላሽ እንደ አዲስ አመጣሁ። ትምህርት ቤት ስውል እንኳ ሐሳቤ እሱው ጋ ነበር፤ አንድ ቀን ሰሌዳ ላይ የጻፍኩትን ቀመር ተማሪዎቼ አርመውልኛል።

በገና ሰሞን መብራት ጠፍቶ ሰፈሩ እንደጨለመ የሰማዩን ካርታ ላፕቶፑ ላይ ከፈትኩ። እኔ ከነኮከቡ ጨለማ ውስጥ ቆሜያለሁ፤ ካርታው ላይ ግን ፀሐይ አናቴ ላይ ተሰቅላለች። ወደ ላፕቶፑ ጥግ አየሁ፤ አንድ ሰዓት ተኩል ይላል። የእጄን ሰዓት አየሁ፤ እሱም አንድ ሰዓት ተኩል። ልክ ነው። ልክ ስለሆነ ነው እኮ የተሳሳተው። ወንዳወቅ፣ ላፕቶፑን የገዛህ ቀን «የፈረንጅ ሰዓት ቤቴ አይገባም» ብለህ በእኛ ሰዓት የሞላኸው አንተ ነህ። ሶፍትዌሩ ሰዓቱን የሚወስደው ከላፕቶፑ ነው። እኛ ከመሸ አንድ ተኩል ስንል እሱ ምሳ ሰዓት መስሎት ኮከቡን ከምድር በታች ይፈልገዋል።

ግቢው መሃል ቆሜ ብቻዬን ሳቅኩ። ስቄ ስጨርስ ደግሞ አረርኩ። ለተሳሳተ ሰዓት ብለህ አንዲት አሮጊትን ሽማግሌዎች ፊት አቆምክ። ፊዚክስ አስተማሪ። እኔም ያንን ሰዓት በየቀኑ እያየሁ ምንም አልታየኝም፤ እኛ ቤት ውስጥ የፈረንጅ ሰዓት ማን ያስታውሳል?

ሰዓቱን አስተካክዬ «ሪጌል» ስለው ቀና አለ። ያን ጊዜ ብታየኝ ደስ ይለኝ ነበር።

የቀረው ብሎን ማዞር ነው። አንዱ ብሎን ከፍና ዝቅ ያደርጋል፤ ሌላው ግራና ቀኝ። ሶፍትዌሩ ቴሌስኮፑን ያዞርና ኮከቡ መሃል እስኪገባ ብሎኑን አዙር ይልሃል። ታዞራለህ፤ ደግሞ ይለካል፤ ደግሞ ያዝዝሃል። መጀመሪያ የነበረው ስህተት ብዙ ሙሉ ጨረቃዎች ቢደረደሩ የሚያህል ነበር። በየምሽቱ እያነሰ ሄደ። ልጨርሰው ስል ላሟ ገመዷን በጥሳ ማቆሚያውን ገፋችውና ከሀ ጀመርኩ። ብርዱ ጣቴን አደንዝዞት ብሎኑ ሲያመልጠኝ አንተንም ላሟንም እኩል ረገምኩ።

የቃና ዘገሊላ ዕለት ማታ፣ መጋዙ ሊመጣ አንድ ሌሊት ሲቀረው፣ እማማ አስካለ ማርያምን ጠራኋቸው። ጁፒተርን መሃል አስገብቼ ወንበር አቀረብኩላቸው። ነጠላቸውን ሰብስበው አጎንብሰው አዩ።

«አራት ትንንሽ አጅበውታል» አሉ።

«ጨረቃዎቹ ናቸው። ኑ፣ እራት እንብላና ተመልሰን እናየዋለን።»

በላን። ስለ ታቦቱ አወጣጥ፣ ስለ ጥጃዋ ተጫወትን። እኔ አንድ ሁለት ጉርሻ ነው የወሰድኩት። ተመልሰን ስናይ ጁፒተር ከነአጃቢዎቹ ከመሃል ንቅንቅ አላለም።

«ሰማይ ይዞራል ትሉ አልነበረም?» አሉኝ።

«ይዞራል። ይኸም አብሮት እየዞረ ነው።»

«ያ ባልሽ የሚፈልገው ኮከብስ የታል?»

«ከዛፍዎ ጀርባ። ከረጅሙ ግንድ በስተግራ።»

«ሳታይው በምን አወቅሽ?»

«ሌሎቹን አይቼ።»

ወደ ዛፎቻቸው ዞረው ቆዩ። «እንግዲያ አልቆርጥም» አሉ። «ሰዎቹን ጠዋት እኔው እመልሳቸዋለሁ።» በሩ ጋ ሲደርሱ ደግሞ ዞር ብለው፣ «ባልሽስ?» አሉኝ።

በማግስቱ መጋዝ የያዙት ሰዎች ጠላ ቀምሰው ተመለሱ። ስለ መሐላህም የንስሐ አባታችንን ጠይቄያለሁ። «በንዴት የተማለ ነው፤ ይምጣና እንነጋገርበታለን» ብለዋል። እግርህ አይሰበርም።

እንግዲህ ዛፉ ሰበብ አይሆንም። መሐላውም አይሆንም። አንዳንዴ ግን ያ ሁሉ ጠብ መጀመሪያውኑ ስለ ዛፍ አልነበረም እላለሁ። አንተ ማታ ማታ ሰማይ ማየት የጀመርከው ትንሿን ክፍል ቀለም ከቀባናት በኋላ፣ የሚተኛባት ልጅ እንደማይኖር ሐኪሙ ሲነግረን ነው። ስለዚያ አንድም ቀን ተቀምጠን አላወራንም። ክፍሏ አሁን የቴሌስኮፑ ማደሪያ ናት፤ ቀለሟ አልደበዘዘም። የሄድከው በእሱ ምክንያት ከሆነ ጻፍልኝ። እችለዋለሁ። የማልችለው በዛፍ እያሳበብክ ዝም ስትለኝ ነው።

ካሜራህን ቴሌስኮፑ ጀርባ ላይ አስሬ ያነሳሁትን ፎቶ አብሬ ልኬልሃለሁ። ሳሎን ግድግዳ ላይ ካለው፣ አንተ ካነሳኸው የሰማይ ፎቶ ጋር በሐሳብህ አስተያየው። ያንተ ኮከቦች እንደ ጭረት ተስበዋል፤ የእኔዎቹ ነጥብ ናቸው።

እመቤታችን በወጣህ በገባህበት አትለይህ። እማማ አስካለ ማርያም «ለዚያ እልኸኛ ሰላም በይልኝ፤ አልተቀየምሁትም» ብለዋል።

ያንተዋ
አልጣሽ

ከፈረምኩ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ የላፕቶፑን ሰዓት ወደ ፈረንጅ ቀይሬዋለሁ፤ ይቅር በለኝ። የሳሎኑ ግን እንደ ተውከው ነው። እራት ዛሬም ሁለት ሰዓት ላይ ነው።