ለአክስት ሂልዳ ሹራብ ሦስት ቃል

ልጄ ፊሊፓ፣ በሄድሽበት ሁሉ ሰው ይውደድሽ፤ ብርዱም ይራራልሽ። እኛ ደህና ነን። እዚህ ዊትቢ ዝናቡ አላባራም፤ አባትሽም ጉልበቱን እያማረረ ነው።

እኔ ግን ተናድጄብሻለሁ። አክስቴ ሂልዳ በዘጠና ዓመቷ፣ በሚንቀጠቀጥ እጇ አምስት ወር ሙሉ ሹራብ ሠርታ ኦሳካ ድረስ ላከችልሽ። ግራ እጅጌውን ሁለቴ ተርትራ ነው የሠራችው። አንቺ «ስጦታው በእጅጉ ተመስግኗል» ብለሽ ካርድ ትልኪያለሽ? መነጽሯን አድርጋ አነበበችውና፣ «አንቺ ማቪስ፣ ይሄ ከባንክ ነው እንዴ?» አለችኝ። የምገባበት ጠፋኝ። በየገናው ማግስት ጠረጴዛ አጠገብ አስቀምጬ፣ «የሰጡሽን ነገር በስሙ ጥሪ» እያልኩ የምስጋና ደብዳቤ ያስጻፍኩሽ ለዚህ ነው?

እግዚአብሔር ይጠብቅሽ የኔ ልጅ። እባክሽ፣ እጅጌው ልክ መሆን አለመሆኑን ጻፊላት። ፖስተኛው ባለፈ ቁጥር ከመስኮቱ አትጠፋም።

እናትሽ