የፋኖሱ ሦስተኛ መስኮት

ለድሮ ወዳጄ፣

ጤናህ እንዴት ነው? ያ ወገብህስ? ብድግ ስትል እንደ ድሮው «ቀጭ» ይላል ወይስ ቆሞ ማስተማሩ አስተካከለልህ? እናትህ እንዴት ናቸው? ዓይናቸው ታክሞ ዳነ ሲባል ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ሰላም በልልኝ፤ የማን ሰላምታ ነው ብለው ከጠየቁህ ግን የፈለግከውን ስም ስጣቸው። እኔ ደህና ነኝ። ማለቴ፣ እበላለሁ፣ እሠራለሁ፣ አውቶቡስ እጋፋለሁ። መቀመጥ ብቻ ነው ያቃተኝ። ይህን ወረቀት ከጀመርኩ አራት ጊዜ ተነስቼ መስኮት ከፍቻለሁ፣ አራት ጊዜ መልሼ ዘግቼዋለሁ። ችግሩ ብርዱም ሙቀቱም አይደለም።

ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ መስመር ሳትጽፍልኝ ዛሬ ምን ነካት እንደምትል አውቃለሁ። ሳትጨርሰው እንዳትቀደው ብቻ እለምንሃለሁ። ከጨረስክ በኋላ ቅደደው፣ ያንተ ነው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላልና ከወሬው ልጀምር። ሁለተኛ ፋኖስ ተገኘ።

ባለፈው ወር ነው። እዚያው የአውቶቡስ ማደሪያው ግቢ ውስጥ፣ አንተ የመጀመሪያውን ካወጣህበት ጉድጓድ ሠላሳ እርምጃ ያህል ራቅ ብሎ፣ የውሃ ቧንቧ ሊቀብሩ ሲቆፍሩ ዶማው ነሐስ ነካ። ደግነቱ ቆፋሪው ሰውዬ አስተዋይ ነበርና ቆም አለ። ከነአፈሩ በጄሶ ጠቅልለን፣ ትንፋሻችንን ውጠን ወደ ሙዚየሙ ወርክሾፕ አመጣነው። ቁመቱ ስንዝር ተኩል፣ ክዳኑ ሾጣጣ፣ ዙሪያውን የጭስ ማስወጫ ቀዳዳዎች፣ ከላይ የመያዣ ቀለበት፣ ጎኑ ላይ ሦስት መስኮት። የመጀመሪያው ወንድም በለው፤ ዕድሜውም ያው ሰባት መቶ ዓመት ግድም ነው። ልዩነታቸው አንድ ነገር ብቻ ነው። የዚህኛው አንዱ መስኮት ላይ ቀንዱ አለ። ብርሃን እስኪያሳልፍ ድረስ ተፍቆ የሳሳ የከብት ቀንድ፣ በመስታወት ፈንታ ጠርዙ ላይ ካለው ቦይ ውስጥ ገብቶ፣ ቡናማ ሆኖ፣ ተሰነጣጥቆ፣ ግን አለ። ከጀርባው ባትሪ ባበራበት የቀጭን ሻይ መልክ ያለው ብርሃን አሳለፈ።

አንተ በመጀመሪያው ላይ አየሁ ያልከው ነው። ቃል በቃል።

ጋሽ ማስረጃ (ለኃላፊያችን ይህን ቅጽል ካወጣህላቸው ወዲህ እውነተኛ ስማቸውን የሚያስታውሰው ደመወዝ ክፍል ብቻ ነው) ሲያዩት መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ አደረጉ፣ እንደገና አወለቁ። ከዚያ በሁላችን ፊት «ያ ሰው ልክ ነበር» አሉ። ወደ እኔ ዞረውም የመጀመሪያው ፋኖስ ታዲያ ለምን ባዶ ሆነ ብለው ጠየቁኝ። መልሱን ግን ራሳቸው ሰጡት፤ ቀንዱ እዚያው መሬት ውስጥ በስብሶ አልቆ ይሆናል፣ ያ ሰው ያየው ጭቃ ነው፣ ሐሳቡ ግን በአጋጣሚ ልክ ነበር አሉ። በአጋጣሚ! ከዚያም «የከሰል ማንደጃ» የሚለውን የድሮ መግለጫ አንስቼ በምትኩ «ፋኖስ፤ ሲገኝ መስኮቶቹ ባዶ ነበሩ» የሚል እንዳዘጋጅ አዘዙኝ። ሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ ኮሚቴው ፊት እፈርማለሁ። ዛሬ ዓርብ ነው።

ይህ ብቻ ቢሆን ፈርሜ ዝም እል ነበር። ራሴን ስለማውቅ ነው የምልህ። ማክሰኞ ዕለት ግን የመጋዘኗ እትዬ መጡብኝ። መደርደሪያ ሞልቶባቸው፣ ከዕቃ ላይ የተጠረገ ከሦስት ዓመት በላይ የቆየ አፈር ይወገድ የሚል ትእዛዝ አውጥተዋል። ደንባችንን አትረሳውም፤ ከዕቃ ላይ የወረደ ነገር ብናኝም ቢሆን ብልቃጥ ውስጥ ይገባል፣ ይጻፍበታል፣ ይቀመጣል። እሳቸው ዝርዝራቸውንና እርሳሳቸውን ይዘው ብልቃጥ በብልቃጥ እያነሱ «ይጣል?» ይሉኛል፣ እኔ «ይጣል» እላለሁ። አሥራ ሁለተኛው ወይም አሥራ ሦስተኛው ላይ አውራ ጣት የምታህል ብልቃጥ አንስተው አነበቡ፤ «ፋኖስ፣ ሦስተኛ መስኮት፣ አፈር።» ጽሑፉ የኔ ነው። «ይቆይ» አልኳቸው። «አፈር እኮ ነው ልጄ፣ ቢቀመጥ ወርቅ ይሆን መሰለሽ?» ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ብልቃጧን ግን ከእጃቸው ነጠቅኋቸው ማለት ይቀላል።

አፈር አይደለም። ይኸው ጻፍኩት።

ቅዳሜ ጠዋት

ትናንት እዚያ ላይ ስደርስ ብዕሩን ጥዬ ተነሳሁ። ዛሬ ፌርማታ ላይ ቆሜ ነው የምጽፍልህ፤ ሦስት አውቶቡስ አሳልፌአለሁ። ቆሜ ስጽፍ ይሻለኛል፣ ፊደሌ ቢንጋደድ ታገሠኝ።

የዛሬ ሦስት ዓመት የመጀመሪያውን ፋኖስ ከጉድጓድ ስታወጣ አንደኛው መስኮት ቦይ ውስጥ እንደ ጥፍር የሳሳ ቡናማ ነገር አየህ። ፎቶ አነሳኸው፣ ፎቶው ላይ ጭቃ ብቻ ወጣ። ያን መስኮት ሦስተኛ ብለህ ሰየምከው፣ ክር አሰርክበት፣ «ሁለቱን አጽጂ፣ ይህን ለኔ ተይው» አልከኝ። ሰኞ አንደኛውን አጸዳሁ፤ አፈር። ማክሰኞ ጠዋት ሁለተኛውን ጀመርኩ፤ አፈር። ጥጥ፣ አልኮል፣ ብሩሽ፣ እንደገና ጥጥ። እጅ አንዴ ከለመደ ሐሳብ ሌላ ቦታ ይሄዳል፤ የኔ ሐሳብ ደግሞ ያን ሰሞን ማን ዘንድ ይውል እንደነበር ታውቃለህ። ግማሽ ላይ ስደርስ ፎቶ ይነሳ ተባለ። ክሩ ፎቶውን ያበላሻል ብዬ ፈታሁት። ተነሳ፤ መልሼ አስቀመጥኩት፤ ከተውኩበት ቀጠልኩ። የቀጠልኩ መሰለኝ እንጂ ክብ ዕቃ ነው፣ ሦስቱም መስኮት አንድ ዓይነት ነው። ቡናማው ነገር ቅርፊት ቅርፊት እየሆነ ከጥጡ ጋር ሲወጣ እንኳ ቶሎ አልነቃሁም። ስነቃ ቦዩ ጥርት ብሏል። ክሩ ጠረጴዛው ላይ ነው።

በደንባችን መሠረት የወረደውን ሰብስቤ ብልቃጥ ውስጥ ከተትኩት፣ «አፈር» ብዬም ጻፍኩበት። አምኜ ነው የጻፍኩት ልልህ እችል ነበር። ተመኝቼ ነው ብል ወደ እውነቱ ይቀርባል።

ረቡዕ ማይክሮስኮፕ ሥር አደረግሁት። ንጣፍ በንጣፍ የተደራረበ፣ ልክ እንደ ጥፍር። ብልቃጧን ጋዋኔ ኪስ ውስጥ ከትቼ አንተን ፍለጋ ወጣሁ። ልነግርህ ነበር፤ ሌላውን ባታምነኝ ይህን እመነኝ። «አበላሽቼዋለሁ፣ ግን ፍርፋሪው አለ፣ ለማስረጃም ይበቃል» ልልህ ነበር። ኮሪደሩ ላይ ቀደምከኝ። ያን የግብዣ ደብዳቤ እያውለበለብክ እየሮጥክ መጣህ። ፋኖሱ በኮሚቴ ከጸደቀልህ የውጭው ኢንስቲትዩት ለአምስት ዓመት ሊወስድህ ነው፣ ከነመኖሪያ ቤቱ። ወገቤን ይዘህ አነሳኸኝ። ስለ ቤተ መጻሕፍታቸው ነገርከኝ፣ ስለ መሣሪያቸው ነገርከኝ፣ የትኛውን ሻንጣ ልያዝ ብለህ ተጨነቅህ። ደስታህ ያምር ነበር፣ አልክድም። እኔ አንድ ነገር እስክትጠይቀኝ ጠበቅሁ። ስልክ መጣልህና ሄድክ። እጄ ያኔም ኪሴ ውስጥ ነበር።

ዓርብ ኮሚቴው ሲቀመጥ ጋሽ ማስረጃ እንደ ልማዳቸው ጠረጴዛውን ደብድበው «ማስረጃ!» አሉ። አንተ ያጸዳችው ትናገር ብለህ ወደ እኔ አመለከትክ። ዓይኔን በጨው አጥቤ «አፈር ብቻ ነው ያገኘሁት» አልኩ። ቀና ብለህ አላየኸኝም፤ ፋኖሱን ነው ያየኸው። ከዚያ ወዲያ የሆነውን ከኔ ይልቅ አንተ ታውቀዋለህ። «የሌለ አየሁ ባይ» አሉህ፣ ፋኖሱን «የከሰል ማንደጃ» ብለው መዘገቡት፣ ኢንስቲትዩቱ ግብዣውን አነሳ፣ አንተም ከጋሽ ማስረጃ ጋር ተጣልተህ መልቀቂያ አስገባህ። የመጨረሻ ቀንህ ላይ ስታየኝ ፊቴ ጠቁሮ ነበር መሰለኝ፣ «አይዞሽ፣ እኔው ተሳስቼ ይሆናል» ብለህ አጽናናኸኝ። እኔን!

እኔ የገመትኩት ሌላ ነበር። አንድ ሳምንት ያኮርፋል፣ ከዚያ ወንበሩ ላይ ይመለሳል፣ ምሳችንን አብረን እንበላለን፣ ሌላ ዝገት እንፍቃለን ብዬ ነበር። አንተ ግን ሥራውን ብቻ ሳይሆን ከተማውንም ለቀቅህ። ወንበርህን ለኔ ሰጡኝ። ለኔ ከፍ ይላል፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ግን ዝቅ አላደረግሁትም፣ እግሬ ሲንጠለጠል ይውላል።

አሁን ሰኞ ብፈርም ማን ያውቃል? ማንም አያውቅም። እረፍት የነሳኝም ይኸው ነው። ብልቃጧን ለእትዬ እመልስላቸዋለሁ፣ ይጥሏታል፣ አንተም በአጋጣሚ ልክ የሆንክ ሰው ሆነህ ትቀራለህ። ከተናገርኩ ደግሞ ወርክሾፑን ያስለቅቁኛል፤ እኔ ደግሞ ከዚህ ሌላ እጄ የሚያውቀው ሥራ የለም። ዛሬ ጠዋት ስም ሳልጠራ እናቴን አማከርኳት። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» አለችኝ። «እስኪጠራ ሰውየው ቢያረጅስ?» አልኳት። «እንግዲያው ተነሺና መጋረጃውን ግለጪዋ፣ እኔ ላይ ምን ታፈጫለሽ» ብላ ወደ ልብስ ስፌቷ ተመለሰች። አራተኛው አውቶቡስ መጣ።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ

ነገርኳቸው።

ስብሰባው ሳይጀመር ለብቻቸው ልነግራቸው አስቤ ሁለት ጊዜ ቢሮአቸው በር ድረስ ሄጄ ሁለት ጊዜ ተመለስኩ። ከዚያ ስብሰባው ተጀመረና ወረቀቱን አቀረቡልኝ። አልዋሽህም፣ ብዕር አንስቼ የስሜን የመጀመሪያ ፊደል ጽፌአለሁ። ሁለተኛው ፊደል እምቢ አለኝ። ብልቃጧን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና፣ መስኮቶቹ ባዶ አልነበሩም፣ ባዶ ያደረግሁት እኔ ነኝ፣ ከሦስት ዓመት በፊት እዚህ ፊት የዋሸሁትም እኔ ነኝ አልኩ። ጋሽ ማስረጃ ብልቃጧን ይዘው ወደ ማይክሮስኮፑ ክፍል ሄዱ። ብዙ ቆዩ። ሲመለሱ ያረጁ መሰሉኝ። «ይህን ሰው አዋርደነዋል» አሉ። አዋርደሽዋል አላሉም፤ እኔም አላረምኳቸውም።

ሁለቱ ፋኖሶች ጎን ለጎን እንዲቆሙ፣ መግለጫው ላይም ቀንዱን መጀመሪያ ያየኸው አንተ መሆንህ በስምህ እንዲጻፍ ተወሰነ። ለአንተም ለኢንስቲትዩቱም ማኅተም ያለው ደብዳቤ ይላካል። የነሱ ከኔ ቀድሞ እንዳይደርስህ ይህን ዛሬውኑ ፖስታ ቤት ልወስደው ነው። እንደገና ከጠሩህ ሂድ። አታቅማማ፣ ዞረህም አትይ፣ ሂድ። እኔን ከወርክሾፑ አስወጥተውኛል፤ የቀረው ቅጣት ገና ነው፣ የመጣው ይምጣ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ብለህ ብትስቅብኝ እውነትህን ነው። ይቅር በለኝ አልልህም፤ እንደዚያ ካልኩ መልስ መጠበቅ ልጀምር ነው፣ መጠበቅ ደግሞ አይሆንልኝም።

ከስብሰባው በኋላ ጋሽ ማስረጃ ቢሮአቸው አስቀምጠው በዕቃ ላይ ጉዳት ሲደርስ የሚሞላውን ቅጽ ሰጡኝ። ምን ደረሰ፣ መቼ፣ በማን፣ ምክንያት። ሦስቱን ሞላሁ፣ ምክንያት የሚለውን ዘለልኩት። ያለ ምክንያት አይፈረምም ብለው መለሱልኝ። «ቸልተኝነት» ብዬ ጻፍኩ። አነበቡት። «ይህ ለማክሰኞው ይሆናል። የዓርቡ ውሸትስ?» አሉኝ።

ለዓርቡ ቦታው ይጠባል አልኳቸው። ትንሽ አዩኝ፣ ከዚያ ዓይናቸውን ወደ መስኮቱ መልሰው ሌላ ሳይጠይቁ ፈረሙ።

በል ደህና ሁንልኝ። መንገድህን ያቅናልህ፣ ዓይንህ ያየውን የሚያምንልህ ሰው ይስጥህ፣ እናትህንም ዕድሜና ጤና ጨምሮ ያቆይልህ።

የድሮ ባልደረባህ