የአባትህን ምላጭ ልኬልሃለሁ

አንኮበር
ኅዳር 3 ቀን 1955 ዓ.ም.

አንድ ጊዜ «አካሌ» ላልኩህ ለወርቅአገኘሁ፣

እንደምን ሰንብተሃል ማለት ደንብ ነውና ብያለሁ። የእኔን ደኅንነት ስላልጠየቅህ አላወራልህም። ጸሐፊ ለምኜ አላጻፍኩትም፤ አባቴ ዳዊት ያስደገሙኝ ለእንዲህ ያለው ቀን ጠቀመኝ።

ደብዳቤህን ሾፌሩ ሰላሀዲን ደብረ ብርሃን ገበያ ላይ ሰጠኝ። «ሽማግሌ አትላኪብኝ፤ ቁርጡን ነግሬሻለሁ። የአባቴን ምላጭ ግን ስጪልኝ። ሆቴሉ በየቀኑ ካልተላጨሁ አያሠራኝም፤ ፊቴ በሽፍታ አልቋል፣ እሳት ነው የሚመስለኝ። ያን ትቀቢኝ የነበረውን ነገርም ጻፊልኝ» ብለሃል። ትዳራችንን በአንድ መስመር ዘግተህ ለጉንጭህ ግማሽ ገጽ ፈጅተሃል። ይሁን። መጀመሪያ የጠየቅኸኝን ልንገርህ፤ ከዚያ ደግሞ እኔ የምነግርህን ትሰማለህ።

ፊትህን በለብታ ውኃ ታጠብ። ፎጣ በሙቅ ውኃ ነክረህ ጭመቅና ጺምህ ላይ አሳርፈው፤ ጠጉሩ እስኪለሰልስ ታገሥ። ትዕግሥት እንዳልፈጠረብህ አውቃለሁ፣ ግን ያለ እሱ አይሆንም። ሳሙና አታብዛ፤ ያንተን ቆዳ የሚያቃጥለው እሱ ነው። እኔ የምቀባህ የተልባ ውኃ ነበር። ተልባውን ማታ ዘፍዝፈው፤ ሲያድር የሚዝለገለገውን ውኃ አጥልለህ ጉንጭህን ቀባው፤ ምላጩ ሳይጎትትህ ይንሸራተታል። ምላጩን ቀበቶ ላይ ሳበው፣ ከዚያ ጠጉሩ ወደተኛበት ብቻ ላጭ። ሽቅብ እንዳትሄድበት። ጠጉርህ ጥምዝ ስለሆነ ሽቅብ ሲቆረጥ ተመልሶ ሥጋህ ውስጥ ይገባና ያብጣል። ባለፍክበትም አትመላለስ። ስትጨርስ በቀዝቃዛ ውኃ ታጥበህ ለጋ ቅቤ በስሱ አስነካው። እዚያ ያለችው ሴት የቅቤ ሽታ ትጸየፍ እንደሆነ እንጃ።

አዎ፣ ሰምቻለሁ። ሰላሀዲንን እንዳትቆጣው፤ እሱ ሐሜት አይወድም፣ አስጨንቄ ያናገርኩት እኔ ነኝ።

ይህን ሁሉ ያስተማሩኝ እናትህ ናቸው። እማሆይ ወለተ ሥላሴ ቆብ ሳይጭኑ አባትህን እንዲህ ይላጩ ነበር። የተጋባን ሰሞን ጓዳ ጠርተውኝ «ልጄ ቆዳው የአባቱ ነው፤ ስስ ነው። ቢቆጣሽ እጅሽን አታንሺ፣ ወዲያው ዝም ይላል» አሉኝና ሁለታችንም ሳቅን። በመስቀል ሰሞን አልጋ ላይ ከዋሉ በኋላ እንኳ በሩን በሩን እያዩ «የወርቄን ፊት አሁን ማን ይላጨው ይሆን?» ይሉኝ ነበር። «ሊመጣ ነው፣ እኔ እላጨዋለሁ» እላቸዋለሁ። ላንተ ስል ስንቱን ዋሸሁ!

አሁን የእኔን ስማ። ባለፈው ወር ጎሕ ሲቀድ በርህን ያንኳኩት አጎትህ አቶ ኃይለ ገብርኤልና መምሬ ገብረአብ ለእኔ የመጡ አይደሉም። እኔ ሽማግሌ አልላክሁም፤ እግርህ ሥር የምወድቅ መስሎህ ከሆነ ገና አላወቅኸኝም። ያቺ ሴት ብቅ ብላ «የለም፣ ለሥራ ወጥቷል» ስትላቸው ከውስጥ ሳልህን ሰምተዋል። በመስኮት አየት ብታደርግ ኖሮ የኩታቸው አለባበስ ብቻ ይነግርህ ነበር። በዚያ ሰዓት ሰው ለዕርቅ ይመጣል? የአገርህን ወግ ዓመት ሳይሞላህ ረሳኸው? መርዶ በበር ቀዳዳ አይነገርምና ዝም ብለው ተመለሱ። መምሬ ገብረአብ «አንድ ጊዜ እንሞክር» ቢሉም አጎትህ ዳግመኛ አልሄድም አሉ።

እናትህ የጥቅምት አቦ ዕለት አርፈዋል።

መርዶ በደብዳቤ ማርዳት ነውር እንደሆነ አላጣሁትም፤ ሌላ በር ግን አልተውክልኝም። በቀብሩ ዕለት ለቀስተኛው ሁሉ ልጃቸውን ፈልጎ የሚያገኘው እኔን ነበር። አንጀቴ አሯል ወርቅአገኘሁ። ስለ ራሴ አይደለም፤ ባልና ሚስት ይፋታል፣ ያለ ነው። እናት ግን አትፈታም።

አርባቸው ከኅዳር ሚካኤል ቀጥሎ ነው። ሰላሀዲን በዚያው ሰሞን ወደዚህ ስለሚመለስ መኪናው ላይ ቦታ ይይዝልሃል። ና። እኔን ላለማየት ብለህ እንዳትቀር፤ እስክትሄድ አባቴ ቤት እቆያለሁ። እስከዚያም ጺምህን አትንካው፤ ሐዘን ያለበት ወንድ አይላጭም፣ ይህን እንኳ አትረሳውም። ሆቴሉ እምቢ ካለ እምቢ ይበል። ፊትህም ያርፋል፤ ለሽፍታህ ከዚህ የተሻለ መድኃኒት አላውቅልህም።

የእማሆይን ነፍስ ከቅዱሳኑ ጋር ያኑርልን፤ ላንተም ልብ ይስጥህ።

አልታየች ወልደተንሣኤ

ምላጩን በጨርቅ ጠቅልዬ ለሰላሀዲን ሰጥቼዋለሁ። ደንዟልና ሳትስለው ፊትህን እንዳትነካበት። የእናትህ ቀብር ማግሥት ጠጉሬን ተላጭቼበታለሁ። በደረቁ ነው የተላጨሁት፤ ለብ ያለ ውኃ የሚያቀርብልኝ ሰው በቤቱ አልነበረም።